በየደብሩ ደጃፍ የሚወርዱት ብስክሌተኛ

የፒያሳው ልብስ ሰፊ አያ አስረስ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከዚህ ዓለም መለየታቸውን የሰማሁት በረንዳቸው ፊት ቆሜ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስፌት መኪናቸው መርፌ ሥር አንድ የሕፃን ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ፣ ግማሹ በጠመኔ ተሰምሮ ተጋድሟል። ልጃቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና «ጋሼ ማሩ፣ አባባ አረፉ» አለችኝ። እኔም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ነበር፤ ለእኔ ግን ጭጋግ የመጣ መሰለኝ። ያ የወገራ ጭጋግ፣ ነጩ፣ ፈረስና ሰው እየዋጠ መልሶ የሚተፋው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ እሳቸው በሰፉላችሁ ልብስ ለተዳራችሁ፣ እሳቸው በጠገኑላችሁ ሱሪ ትምህርት ቤት ለተመላለሳችሁ። እኔ ካልጻፍሁት የሚጽፈው የለም። የጎንደርን የብስክሌት ነገር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። የላቲኑን ፊደል ከማኪና ጎማ ላይ፣ የእኛን ፊደል ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ ለይቼ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ገብቼ ቢሆን ኖሮ አስተማሪዎቹን አስቸግር ነበር። ጣልያን ጥሎት የሄደውን ብስክሌት እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ መልሶ የገጠመ በዚህ ከተማ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ነበርሁ የሚል ካለ ይምጣና ይናገር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ለምን እንደተሠራ አላውቅም ነበር።

አያ አስረስ በዕድሜ ታላቄ ነበሩ። ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ ሲናገሩም ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያስገባ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ የሚያደርጉ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጡ ስለሚውሉ ባታቸው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። እኛ ለልምምድ ወጥተን በላብ ተጠምቀን ስንመለስ ከበረንዳቸው ሆነው «እናንተ ለልምምድ ጠዳ ትሄዳላችሁ፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ ጠዳ ደርሼ መጣሁ» ይሉን ነበር።

አንድ ጊዜ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ከትክል ድንጋይ ከተማ የሟቹን ካፖርት ይዘው መጡ፤ ለራሳቸው እንዲያሳጥሩላቸው። አያ አስረስ እጅጌውን ቆረጡ፣ ጀርባውን አጠበቡ፣ ዘርፉን አነሡ፤ ኪሶቹን ግን አልነኩም። ኪሶቹ እስከ ሴትዮዋ ጉልበት ድረስ ወረዱ። እኔ ነገር አይቶ ማለፍ አልወድምና «ምነው ይህን ተዉት? ያስቅባቸዋል እኮ» አልኋቸው። «ሟቹ እጃቸውን የሚያሞቁት እዚያ ውስጥ ነበር፤ እሳቸውም እዚያው ያሙቁ» አሉኝ። ሴትዮዋ ካፖርቱን ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከትተው፣ ቀስ እያሉ በፒያሳ ሲሄዱ ዛሬም ይታየኛል።

አያ አስረስ ብስክሌት የያዙት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው በወገራ አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ ዜማ ተምረዋል። ብስክሌቱን እየገፉ ግቢ ሲገቡ መሪጌታው ከአጎዛቸው ተነሥተው ሦስት ጊዜ ዞሩት። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፤ የገጣጠምሁት እኔ ነኝና።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቢሽክሌት ነው፣ አባ።»

«ሣር ይበላል?»

«አይበላም።»

«እንደ ማኪና ያጨሳል?»

«አያጨስም።»

«እስቲ ውጣበት።»

ወጡበት። መሪጌታው ጢማቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ማኪና ውስጥ የገባ ሰው ተዘግቶበታልና በደብር ደጅ ሲያልፍ ባይወርድ ይቅር ይባላል። አንተ ግን ግራና ቀኝ አንፈራጠህ ተቀምጠሃል። ስለዚህ በቅሎ ናት። ደብር ስታገኝ ትወርዳለህ፣ ሦስት ጊዜ ትሰግዳለህ፣ ከዚያ እንደ ፈቃድህ ሂድ።»

አያ አስረስ በዚህ ፍርድ ዕድሜ ልካቸውን ኖሩ። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ሰው አላስረዳም። እኔ አዘዞ ደርሼ ስመለስ እሳቸው ገና አንዱ ደጃፍ ላይ ግንባራቸውን አፈር ሲያስነኩ አገኛቸው ነበር። ሲወርዱ ብስክሌቱን አያቆሙትም። ቀኝ እግራቸውን በኋላ አዙረው፣ ገና እየተንከባለለ፣ መሬት ይረግጣሉ። ሰግደው ሲነሡ ሁለት እርምጃ ሮጥ ይሉና ርግብ በጣራ ጠርዝ ላይ እንደምታርፍ ቁጭ ይላሉ። ልጆች ያጨበጭቡላቸዋል። እኔ እስቅ ነበር። የሚያስቅ መስሎኝ።

በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከዳባት እስከ ጎንደር ውድድር ተባለ። የሚቀድመው አንድ ሰው ጎንደርን ወክሎ አሥመራ ሄዶ ይወዳደራል። አሥመራ! የዚያ ጊዜ ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያልመው እሷን ነው። መንገዷ እንደ መስተዋት ነው፣ ሕዝቡ በሰገነት ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ብስክሌተኛ ስም ያውቃል ይባል ነበር። እኔ አሥመራ እንደምሄድ ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ልብስ ነበርና አያ አስረስ ዘንድ ሄድሁ።

«ለአሥመራ የሚሆን አድርገው ይስፉልኝ» አልሁ።

ሜትራቸውን ደረቴ ላይ አዙረው ሳቁ። «የአንተን ለጎንደር ዝናብ ነው የምሰፋው፣ ማሩ። ለአሥመራ የሚሆነው ይኸው የእኔ ነው።»

ቀልዳቸው ግን እውነት ነበረበት፤ እሳቸውም ለውድድሩ ተመዝግበዋል። ልባቸው ከእኔ ልብ ባላነሰ አሥመራን ይሻ ነበር። «አንድ ቀን እንኳ ከእኔ ከሚፈጥኑ ሰዎች መሐል ገብቼ የመንኮራኩሩን ድምፅ ልስማ» ይሉ ነበር። የእኔን ልብስ ግን ከራሳቸው አብልጠው አሳምረው ሰፉልኝ።

ዳባት ድረስ በጭነት ማኪና ወሰዱን። ሲለቁን ብዙ ነበርን፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከፊት የቀረነው እኔና አያ አስረስ ነን። ሌሎቹ ወደኋላ ቀሩ፣ ድምፃቸውም ጠፋ። ከዚያ ጭጋጉ ወረደ። ዓለም ወተት ውስጥ የገባ መሰለ። የገብሱ ማሳ ከመንገዱ ዳር ይጀምርና ሁለት ክንድ ሳይሄድ ያልቃል። ፈረስ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ያየናል፤ የቀረው አካሉ የለም። እግሬ ይሽከረከራል፣ መንገዱ ግን የሚሄድ አይመስልም፤ እኛ ቆመን ተራራው በጎናችን ቀስ ብሎ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ያለ ጸጥታ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ጋቢ የተከናነበ አንድ ሽማግሌ ከነጩ ውስጥ ወጥቶ «እናንት ሰዎች፣ ምን እያሳደዳችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ።

አያ አስረስ ሳይዘገዩ መለሱለት፦ «እኔን ማሩ፣ ማሩን አሥመራ!»

ሳቃችን ጭጋጉ ውስጥ ሰጠመ። ትንሽ እንደሄድን የብስክሌታቸው ካቴና ድምፅ ቆመ።

«የት ገቡ?» አልሁ ዞሬ። ምንም አይታይም።

«ወርጃለሁ። ደብር ነው።»

«ምን ታይቶዎት ነው?»

«ምንም አይታየኝም። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ እዚህ ደጅ ላይ ውሻ ነክሶኛል፤ ቦታውን እግሬ ያውቀዋል።»

ብቻዬን በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ መሄድ አልወደድሁም። «ዛሬ ማንም አያይዎትም፤ ግድ የለም ይለፉ!» አልሁ።

«ምነው ማሩ፣ ጭጋጉ ታቦቱንም ሸፈነው?» አሉ። ሲሰግዱ የልብሳቸው መታሸት ተሰማኝ።

እንዲህ እያልን ሄድን። በየደብሩ ይጠፋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ ዜማ ይሰማኛል፤ ከሩቅ ይጀምራል፣ ይቀርባል፣ ከዚያ ትከሻቸው ከትከሻዬ ጎን ይወጣል። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ኮሶዬ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር በስተቀኝ ያለውን ገደል ጭጋጉ ሞልቶት ሜዳ አስመስሎታል፤ ሰው ሊሄድበት ያምረዋል። እዚያ ብስክሌቴን ለቀቅኋት። በኢትዮጵያ ምድር ያን ቁልቁለት በዚያ ጭጋግ እንደ እኔ የወረደ የለም፤ ይህን በኩራት እጽፋለሁ። ወለቃ ስደርስ ሰማዩ ተገለጠ፤ ወደኋላዬ ባይ ማንም የለም። ወደ ከተማው ያለው ዳገት ግን ቁልቁለት አይደለም። ያ የልብስ ሰፊ እግር እዚያ መጣ። ዳገቱ መሐል ላይ፣ ትንፋሻቸው እንኳ ሳይጨምር፣ «በርታ ማሩ» ብለው አለፉኝ።

መጨረሻው ፒያሳ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ጥቂት እንደቀረ፣ የማርያም ደጅ አለ። አወዳዳሪዎቹ ይህን አላሰቡትም፤ ሕዝቡ ግን አስቦታል። ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ የቆመው መጨረሻው ላይ ሳይሆን እዚያ ነበር።

«አያ አስረስ፣ የዛሬን ይለፉ!» ይላሉ ሴቶቹ።

«አንዴ ብቻ! እመቤታችን ታውቃለች!»

አንድ ቄስ በዚያ ሰዓት ከቅጥሩ ወጥተው መስቀላቸውን ከሩቅ እያወዛወዙ «እግዚአብሔር ይፍታህ! እለፍ! እኔ አለሁበት!» ብለው ጮኹ።

አያ አስረስ ቀኝ እግራቸውን በኋላ አዙረው ወረዱ።

እኔ መቶ እርምጃ ያህል ወደኋላ ነበርሁ። መንገዱ ባዶ ሆነልኝ፤ አሥመራ እዚያው ፊት ለፊቴ ነበረች። ሕዝቡ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነገ የሚሉትን ሰማሁት፦ «ማሩ የቀደመው ሰውየው ሲሰግዱ ነው።» እኔ እንዲህ የሚባልብኝ ሰው አይደለሁም። ኮሶዬ ላይ ያልያዝሁትን ፍሬን ያዝሁና ወረድሁ።

«ምነው ማሩ፣ ጎማህ ተነፈሰ?» አሉኝ ግንባራቸው አፈር ላይ እንዳለ።

«አልተነፈሰም። እኔም ልሳለም ብዬ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «ሸጋ! እንግዲያው አብረን እንጀምር። ሦስት ጊዜ ነው» አሉና የሰገዱትን ትተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ይህን ሲያይ ሕዝቡም አብሮን ሰገደ፤ ቄሱም፣ ሴቶቹም፣ የተሰበሰበው ሁሉ። በዚያች ደቂቃ በማርያም ደጅ የቆመ ሰው አልነበረም። ከዚያ ተነሥተን ሮጥን። የእኔ እግር ፔዳሉን ሳተው፣ እንደገና ሳተው፣ ቅልጥሜን መታኝ። እሳቸው እንደ ርግቧ ቁጭ አሉ። በአንድ ብስክሌት ርዝመት ቀደሙኝ።

አሥመራ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ሲመለሱ ከበረንዳቸው ሥር ከበን «ስንተኛ ወጡ?» አልናቸው። «ደብር አገኘሁና ወረድሁ። ቀና ስል መንገዱ ላይ ማንም የለም» አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲመጣ ይመስላል» አሉን። ከዚህ በላይ ስለ አሥመራ ተናግረው አያውቁም።

እኔ ግን ብዙ ተናገርሁ። የብስክሌት ጥገናዬን ከበረንዳቸው ጎን ከፈትሁና ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ያን ውድድር ለአያ አስረስ የለቀቅሁላቸው እኔ ነኝ፤ ባልወርድ ኖሮ አሥመራ የምሄደው እኔ ነበርሁ» ስል ኖርሁ። እሳቸው መኪናቸውን እየረገጡ ይሰሙኛል። አንድ ቀን ከዛሪማ የመጣ ነጋዴ ወደሳቸው ዞሮ «እውነት ነው አያ?» አላቸው። መርፌውን ሳያቆሙ «ማሩ ወርዷል። እውነት ነው» አሉት። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

አያ አስረስ፣ አሁን እርስዎ ትተውት የሄዱትን እኔ ልጨምርበት። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ያየም የለም፣ ከእርስዎ በቀር። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ነው አሉኝ። ለእኔ ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ። እኔ የሰገድሁት ሁለት ጊዜ ነው። የሕዝቡ ግንባር መሬት ላይ ሳለ፣ የእርስዎም ግንባር መሬት ላይ ሳለ፣ ቀድሜ ተነሣሁ፣ ብስክሌቴንም ቀድሜ ያዝሁ። እርስዎ ሦስቱን ጨርሰው ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ተነሥተውም አለፉኝ። እኔ የለቀቅሁልዎ ነገር የለም። የቀደሙት እርስዎ ነዎት፣ አያ። ደኅና ይሂዱ።