የአክስቴ የዊኒ መልስ

ካሴት መናገር ከመጀመሩ በፊት የሚያሰማው እሽሽታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነፋስ ደቃቅ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ ሲነዳ የሚሰማውን ይመስላል። ከእሽሽታው ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም ስሙን ይናገራል።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በእኛ በበረሃው ነባር ሰዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙም አብሮት ያርፋል፤ ከጠሩት ነፍሱ «አቤት» ብላ ትመለሳለች። ስለዚህ ሟቹን ኩንማናራ እንለዋለን፤ ስሙ የማይነሳ ማለታችን ነው። ኩንማናራ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ በወጋችን እርሱም አባቴ ነው። ዊኒ ደግሞ የሁለቱም ታናሽ እህት፣ አክስቴ ናት።

ዊኒ የተወለደችው በአንድ የከብት አርቢ ይዞታ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። በወጣትነቷ ኡሉሩን፣ የአገራችንን ትልቁን ቀይ አለት፣ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች በሚያድሩበት ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ኋላም በጋለ ሽቦ እየተኮሰች የእንጨት እንሽላሊት መቅረጽ ያዘች። እንሽላሊቶቿ ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩ ናቸው። «ምን እያዩ ነው?» ስላት «እኔ ምን አውቄ፣ ጠይቂያቸው» ትለኝና ትስቃለች። ኩላሊቷ ሲደክም ግን አገሯን ትታ አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ገባች። እዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን ከሚያጥበው ማሽን አጠገብ ወንበር ላይ ትውላለች። ወንድሟ የሞተው ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ነው። አልደረሰችበትም።

ለለቅሶው ሐኪሞቹ የፈቀዱላት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ላደርሳት አብሬያት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ገና ሳንነሳ ሾፌሩን ለብቻው ጠራሁትና የሽማግሌውን ካሴት እንዳያጫውት ለመንኩት። ኩንማናራ በሕይወት ሳለ ስለ አገሩ ለእንግዶች የተናገረው ነው፤ በየጉዞው ይሰማ ነበር። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ እሺ አለኝ።

ከመንገዱ እኩሌታ ግድም፣ ነዳጅ ማደያው ላይ ሾፌር ተቀየረ። እኔ የገዛሁት ሻይ እንዳይፈስብኝ ስጠነቀቅ፣ አዲሱን ሰውዬ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ስለ ካሴቱም ሳልነግረው አልፌው ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ብዙም ሳንርቅ በግራ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ተራራ ብቅ አለ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ይዘው ተንጋጉ።

«ያውና! ኡሉሩ!»

«ኧረ አክስቴ፣ አቲላ ነው በያቸው» አልኳት።

«ዝም በይ። አቲላስ ተራራ አይደለም? እሱም ለአንድ ቀን ይታይ።»

«ፊልማቸው ሊያልቅባቸው ነው እኮ።»

«ይለቅ! እዚያ የሚሸጥ አለ።»

ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ያ እሽሽታ ተሰማ። ጉሮሮውን ጠረገ። በገዛ ድምፁ፣ በገዛ ቋንቋችን ስሙን ተናገረ።

«ይህ የአያቶቼ አገር ነው። የረገጣችሁት መሬት ጆሮ አለው፤ ቀስ በሉ። ሰማችሁኝ?»

ካሴቱ ላይ ከዚህ በኋላ ትንሽ ጸጥታ አለ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«ሰማሁህ፣ ወንድሜ» አለች ዊኒ።

መቀመጫ ለመቀመጫ እየተደገፍኩ ሮጬ ሾፌሩ ዘንድ ደረስኩ። ዘጋው፤ ደንግጦም ይቅርታ ጠየቀኝ። ወደ ቦታዬ ስመለስ ዊኒ የብርድ ልብሷን ግማሽ በእኔ መቀመጫ ላይ ዘርግታበታለች።

«ኋላ ቦታ አለልሽ፤ ይሄ ተይዟል።»

«አክስቴ፣ ቴፕ እኮ ነው።»

«ቴፕ ይጠይቃል እንዴ?»

ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ቀይ አሸዋውና እሾሃማው ሣር በመስኮቱ እየሸሹ ሳለ እሷ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ስታንሾካሹክ እሰማ ነበር። አንዴ ሳቀች። አንዴም «እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ አይለቀኝም» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። እውነተኛው ኡሉሩ ሲታይ አውቶቡሱ ሙሉ ብድግ አለ። ዊኒ ዞራም አላየችው።

መንደር ስንደርስ ሴቶቹ ደረታቸውን ከደረቷ እያጋጠሙ አለቀሱ። የሟቹ ቤት በቅጠል ጭስ ታጥኖ፣ በቅርንጫፍ ተጠርጎ ተዘግቷል። እኛን ወደ ታላቅ እህታቸው ወደ ኤዲት ክፍል አስገቡን። ኤዲት ዓይኗ ደክሟል፤ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ወደ በሩ ጆሮዋን ቀስራለች።

«ዊኒ፣ ከማን ጋር መጣሽ?»

«ከዚህች ልጅ ጋር።»

«ሌላስ? ውሾቹ ገና ከአውቶቡስ ስትወርጂ ነው ያፈገፈጉት።»

ዊኒ ብርድ ልብሷን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«አጥነን፣ ጠርገን፣ መንገዱን አሳይተነው ነበር። ጠርተሽዋል?»

«ስሙ ከአፌ አልወጣም።»

እውነቷን ነው። ኤዲት ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ብናገር በቅጠሉ ጭስ አጥነው ከአጠገቧ ይሸኙታል፤ አክስቴ ወደዚያ ወንበር ብቻዋን ትመለሳለች። ዝም ብል እሱ አያርፍም። ዊኒ እግሬን እንጂ ፊቴን አላየችም።

«ስሙን ራሱ ነው የተናገረው፣ ካሴቱ ላይ» አልኩ። «እሷ መለሰችለት።»

ኤዲት በረጅሙ ተነፈሰች። «ቅጠል ቁረጡ» አለች ደጅ ላሉት ሴቶች።

«በሳምንት ሦስት ቀን አጠገቤ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?» አለች ዊኒ።

«እሱን ነዋ፣ ታናሼ።»

ዊኒ ተነሣች። ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በፊቴ አለፈች። ወጣች፤ ከኋላዋ ሰው እንደሚከተላት ሁሉ በሩን አልዘጋችውም።