ከእትዬ መሳቢያ ያገኘሁት ክሬም

የወር አበባዬ በቆመ በዓመቱ ብልቴ ደረቀ። እንዲህ በግልጽ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል፤ ይጋላ! ባሌ ሲቀርበኝ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ጥርሴን ነክሼ ስችል ከርሜ አንድ ቀን ገፋሁት። ትራሱን ይዞ ልጆቹ ሲያገቡ ወደለቀቁት ክፍል ገባ። ጠልታኛለች ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። "ኧረ ያመኛል" ማለት ግን አቃተኝ።

አሰላ ውስጥ ለማን ልንገር? ሁሉም ያውቀኛል። ኢተያ ያለችው ታላቅ እህቴ ጋ ሄድኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። አልቅሼ ነገርኳት። እትዬ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና "እኔ እንጃ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም" አለች። "ዕድሜ ይሆናል። በጨው ውሃ እየታጠብሽ ቻይው። ሐኪም ጋ ሄደሽ ደግሞ መሳቂያ እንዳትሆኚ።"

እኔ ሞኟ፣ ስምንት ወር ሙሉ በጨውና በሳሙና ታጠብኩ። ባሰብኝ እንጂ! መቀመጥ ሲያቅተኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አልሳቀችም። ከመረመረችኝ በኋላ "ጨውም ሳሙናም ይተዉ እማማ፣ የባሰ የሚያደርቅዎት እሱ ነው። ሴት ስታርጥ የሚመጣ ነገር ነው፤ መድኃኒት አለው" አለችኝ። የሚቀባ ክሬም ታዘዘልኝ፤ ለግንኙነት ጊዜ ስለሚሆን ማለስለሻም ነገረችኝ። ወይ ጉድ! በቃ ይኸው ነው?

በሳምንቱ የምሥራች ብዬ ወደ ኢተያ በረርኩ። መንገድ ላይ ራሴን አሞኝ ነበርና እትዬ ከጓሮ ሆና "ከመሳቢያው ክኒን ውሰጂ" አለችኝ። ስከፍተው የእኔው ዓይነት ክሬም! ከታች ተጠቅልሎ፣ ተጨምቆ ሊያልቅ የደረሰ።

"እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

ፊቷ ቀላ። "ሦስተኛ ዓመቴ ነው" አለች ቀስ ብላ። "አፈርኩ።"

አፈረች! እሷ እዚህ እየተቀባች፣ እኔን በጨው ታስለበልበኛለች። ባሌ ከአልጋዬ መውጣቱን ነግሬያት አልነበር? ደሜ ፈላ። ቻው እንኳ ሳልላት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ ሶፋው ላይ ነበር። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ድርቀቱን፣ ጨውን፣ ክሬሙን፣ የእትዬን ክህደት። ይቆጣልኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ አስጸየፍኳት እያልኩ ነው የተኛሁት" አለኝ። "ኢተያ ድረስ ሄደሽ ለእሷ ስትነግሪ፣ እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርኩ። ለምን አልነገርሽኝም?"

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል የእትዬ ነበር።

"አፈርኩ" አልኩት።