ጨው ያልገባበት ድስት

ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሀኒፋ የምትባል ሴት አለች። የተቀቀለ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በዳጣ ትሸጣለች። ድንች ያው ድንች ነው፤ ማንም ይቀቅለዋል። ሰው እሷ ደጅ የሚቆመው ለዳጣው ነው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን በድንጋይ ትፈጭና ሎሚ ትጨምቅበታለች። ስትፈጭ ታዲያ ዓይኗን ትከድናለች። የማያውቃት ሰው እንቅልፍ የወሰዳት ይመስለዋል። እሷ ግን መንገድ ላይ ናት። የበሶብላው ሽታ ቦኬ፣ እናቷ ጓሮ ያደርሳታል። ዝንጅብሉ የበደሳ ገበያ መሀል ያቆማታል። ሎሚው ደግሞ ሚኤሶ ያወርዳታል፤ ባሏን ጃዕፈርን ያገኘችው እዚያ ነው።

ጃዕፈር ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመኪናው ወርዶ ድንቿን ቀመሰና፣ "አቦ፣ ይቺ ሴት ድንጋይ ቀቅላ ብታቀርብም እበላለሁ" አለ። በላ፤ በዚያው ቀረ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ዘንድሮ ደም ግፊት አልጋ ላይ ጣለው። ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ ፊት ለፊት ነገረችው፦ "አባባ፣ ጨው እርም ይበሉ። የተቀቀለ አትክልት ይብሉ። መድኃኒቱን በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ምግብ በልተው ነው የሚውጡት። ካቋረጡት ግን በሕይወትዎ ነው የሚጫወቱት።" ሀኒፋ ቤት ስትመለስ የጨው ጣሳውን አንሥታ ለጎረቤት ሰጠች። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ" እየተባለች ያደገች ሴት ናት።

በሳምንቱ ረመዳን ገባ። ሼኩ ቤት ድረስ መጥተው፣ "ጃዕፈር፣ አንተ ታማሚ ነህ፣ ጾሙ ተነሥቶልሃል፤ ለድሃ አብላ፣ አንተም ብላ" አሉት። እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሀኒፋ ጨው የሌለውን ማጣፈጥ ተያያዘችው። አንድ ቀን ካሮቱን በዝንጅብልና በሎሚ ታሸዋለች፤ ሌላ ቀን ለውዝ ቆልታና ወቅጣ ጎመኑ ላይ ታፈስሳለች፤ ሌላ ቀን ቲማቲሙን ከጤና አዳም ጋር ታበስለዋለች። መቅመስ አትችልም፣ ጾመኛ ናት። በአፍንጫዋ ነው የምትሠራው። እስከ ዛሬ በጾመችው ረመዳን ሁሉ "እስቲ ቅመሱልኝ" ብላ የሰው ደጅ ሄዳ አታውቅም፤ በዚህ በዚህ ኩሩ ናት። ቀትር ሲሆን ራሷ ቅልል ይላታል፣ የመናኸሪያው መኪና ድምፅ ከሩቅ ከተራራው ጀርባ የሚመጣ ይመስላታል፣ ያኔ ጣዕም በዓይኗ ይመጣል፤ የሎሚው ቢጫ፣ የጤና አዳሙ አረንጓዴ፣ የለውዙ ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ዓይነት። እንዲያ እየዋለለች ሳህኑን አልጋው አጠገብ ታስቀምጥና ለሶላት ትሄዳለች። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። አልሐምዱሊላህ ትላለች።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤቷ ዘውድነሽ መጣች። እሷም ሁዳዴ ጾም ላይ ናት።

"ሀኒፋዬ፣ ፍየሌን ምን አበላሻት? ስታስነጥስ ዋለች" አለቻት።

ሀኒፋ ወደ ጓሮ ዞረች። ፍየሊቱ ከጃዕፈር መስኮት ሥር ቆማለች፤ አፏ ዙሪያውን ስናፍጭ ተቀብቷል። ያን ዕለት ድንቹን በስናፍጭ የለወሰችው ሀኒፋ ናት። ወደ ቤት ገብታ የትራሱን ሥር ዳበሰች። የስምንት ቀን መድኃኒት እንዳለ ተቀምጧል። ለካ ሰውዬው ተደብቆ ይጾማል። ትናንት ከአልጋው ሲነሣ ዞሮበት ግድግዳ የያዘው ለዚህ ነው። ጉንጩ የጎደጎደውም ለዚህ ነው።

"እጄ ከዳኝ ማለት ነው?" አለችው። "ያልጣመህን አልጣመኝም አትልም?"

"ጣዕሙ አይደለም፣ ሀኒፋ" አለ ጃዕፈር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። "በሚኤሶ ሐሩር መሪ ይዤ ጾሜያለሁ። ዛሬ አንቺ በባዶ ሆድሽ ቆመሽ ስትፈጪ፣ እኔ ተጋድሜ ላላምጥ? ሼኩ ፈቅደዋል፣ አውቃለሁ። ጉሮሮዬ ግን አልፈቀደም።"

ያን ሌሊት ሱሑር፣ የጾመኛውን የሌሊት ምግብ፣ በልታ ስታስብ አነጋች። "ቅመስልኝ" ብትለው ይቀምሳል፤ ለምናው የማታውቀውን ውለታ እንቢ አይላትም። ችግሩ ግን አፍንጫዋ እያለ ቅምሻ እንደማትፈልግ አገር ያውቃል። ዋሽታ ልታበላው ነው፤ ውሸት ደግሞ ጾም ያበላሻል። እንግዲህ ውሸት እንዳይሆን ያለው መንገድ አንድ ነው። የማፍጠሪያውን ድስት በሙሉ፣ ለቤቱም ለእንግዳውም፣ ያለ ጨው ልትሠራው ቆረጠች። ጨው የሌለው ትልቅ ድስት በዕድሜዋ ሠርታ አታውቅም፤ ልኩን በእውነት አታውቀውም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ድስቱን እንዳለ አልጋው አጠገብ አመጣችው።

"ዛሬ ማታ ወዳጅህ ቡሽራ ከነቤተሰቡ እኛ ጋ ነው የሚያፈጥረው። ጨው የለበትም፣ ልኩ ጠፋኝ። እኔ ጾመኛ፣ ዘውድነሽ ጾመኛ። እዚህ ግቢ ያለው የተፈታ ምላስ ያንተ ብቻ ነው። ካልቀመስክልኝ እዋረዳለሁ።"

ጃዕፈር ድስቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ተቀመጠ። "አምጪ" አላት።

አንድ ማንኪያ ቀመሰ። ዓይኑን ከደነ። "ሎሚ አንሶታል" አለ። ጨመረች። እንደገና ቀመሰ። "ዝንጅብል ትንሽ።" ጨመረች። "አሁንም ሎሚ።" ማንኪያው እየሞላ ሄደ፣ ጃዕፈር እያሰበ ያላምጣል፣ ሀኒፋ እየጨመቀች ታማስላለች። አንድ ሳህን ሙሉ ሲወርድ ሁለቱም ነገሩን አላነሡም። በመጨረሻ "አሁን ይሁን" አለና ማንም ሳይነግረው ከትራሱ ሥር አንድ ክኒን አውጥቶ ዋጠ።

መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቡሽራና ልጆቹ መጡ። በተምርና በውኃ አፈጠሩ፣ ድስቱ ቀረበ። ቡሽራ አንዴ ጎረሰና አቀረቀረ፤ የሀኒፋን ዳጣ ሲያሞግስ የኖረ ሰው ነው፣ ውኃውን አንሥቶ ጨለጠ። ሀኒፋም ቀመሰች። ሎሚው አፍ ይሰበስባል። ዝንጅብሉ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ገባት። ጃዕፈር ልኩን አጥቶት አይደለም፤ ሰውዬው ርቦት ነበር፤ "ጨምሪ" ባላት ቁጥር ሌላ ማንኪያ መቅመስ ነበር የሚፈልገው።

ሳህኗን ሞልታ መብላት ጀመረች።

"ጎመዘዘ እንዴ?" አለ ጃዕፈር ቀስ ብሎ።

"በጣም ነው የጎመዘዘው" አለችው። "ነገ ሎሚውን እንቀንስና ቅምሻውን እንጨምራለን።"