መሸሃ ወንዝ ላይ ያለዘብኩት ቃል

ደባርቅ ላይ የተራራ አስጎብኚ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ያጠናሁትን ሁሉ የመጀመሪያው ማደሪያችን ሳንካበር ሳንደርስ ጨረስኩት። እንግዶቼ ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን ነበሩ። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ስለ ዋልያው፣ ስለ ጅብራው ተክል ያለ ፋታ ስለፈልፍ አንደኛው ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። «ግሩም ነው» አለኝ። «አሁን ደግሞ ዝም ብለን እንይ።» አፈርኩ። ሥራውን ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

ተራራ የሚወጣ ቡድን እንዲህ ነው፦ አስጎብኚው ከፊት ይሄዳል፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውት ከኋላ ይጠብቃል፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂዎቹ ቀድመው ድንኳን የሚተከልበት ሰፈር ይደርሳሉ። የእንግዳውን ቋንቋ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚው ብቻ ነው። ስለዚህ ከወዲያም ከወዲህም የሚነገረው ሁሉ በእሱ አፍ ያልፋል።

እኔ ጥቂት ዓመት እንደሠራሁ አንድ ልማድ ያዝኩ። ነገር አለዝብ ነበር። እንግዳዋ «ይህ ሾርባ ምንም አይጣፍጥም» ካለች፣ ለአብሳዩ «ወዳዋለች፣ ነገ ግን ጨው ጨመር አድርግ» እለዋለሁ። በቅሎ ነጂው «ይህ ወፍራም ሰውዬ በቅሎዬን ሊገድላት ነው» ካለ፣ ለእንግዳው «እዚህ ጋ በእግር ብንሄድ አየሩ ደስ ይላል» እላለሁ። ሁሉም ይወደኝ ነበር። ራሴን እንደ ጎበዝ አስተርጓሚ እቆጥር ነበር።

ሄለንና ወንድሟ ፒተር የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሁለቱም ሃምሳን ያለፉ፣ ፊታቸው በፀሐይና በጨው ውኃ የጠየመ፣ ሳቂታ ሰዎች ነበሩ። የበቅሎ ነጂዎቹ አለቃ አያ መኮንን፣ የአምቢኮ መንደር ሰው፣ ከየት እንደመጡ ጠየቁኝ።

«ባሕር ዳር ነው ያደጉት» አልኳቸው።

«ታዲያ አማርኛ እንዴት አይችሉም?»

ስቄ አስረዳኋቸው። ውቅያኖስ ዳር ነው። ሥራቸውም ጨዋታቸውም ማዕበል ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጣውላ ይዘው ይገባሉ፣ ማዕበሉ ሲነሳ ጣውላው ላይ ቆመው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ሰርፊንግ ይሉታል። አያ መኮንን ሁለቱን ደጋግመው አዩአቸውና «እኒህ ሰዎች ወላጅ አልነበራቸውም?» አሉ። ይህን አልተረጎምኩላቸውም።

ከቧሂት ተራራ ወርደን ጭሮ ለባ ስንሰፍር፣ ራት እንደበላን የማብሰያው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰብን። ፒተር የቤት ጣሪያ የሚያህል ማዕበል እንዴት እንደጣለው ተረከ። ውኃው ሥር ላይና ታች ጠፍቶበት፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆጥር ነበር። «ከማዕበል ጋር አይታገሉም» አለ። «እስኪለቅህ ትጠብቃለህ።»

ከዚያ ሄለን ስለ ሱናሚ ተናገረች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ጠዋት ባሕሩ ከዳርቻው ወደ ኋላ ሸሸ። ዓሣው አሸዋው ላይ ቀርቶ ይንፈራገጣል። ሰዉ ቅርጫት ይዞ ሊለቅም ወረደ፣ አጎቷም አብሮ ወረደ። መረብ የምትጠግን አንዲት አሮጊት «ወደ ኮረብታው ሩጡ!» ብላ ጮኸች። እናቷ ልጆቿን ይዛ ሮጠች። ባሕሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ ተመለሰ፣ አጎቷ ግን አልተመለሰም።

አያ መኮንን አማተቡ። «ነፍስ ይማር በልልኝ። ሴትዮዋን ግን ለምን አልሰሙም?»

ሄለን መለሰችላቸው። «ውኃው ርቆ ነበራ። የራቀ ውኃ አያስፈራም።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መሸሃ ወንዝ ደረስን፤ አብሳዩና በቅሎ ነጂዎቹም አብረን እንድንሻገር ዳሩ ላይ ጠብቀውን ነበር። ከወንዙ ማዶ አምቢኮ ነው። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነበር፣ ውኃውም ከጉልበት አይበልጥም። አያ መኮንን የበቅሏቸውን ልጓም ለጓደኛቸው ሰጥተው ጎንበስ አሉ፣ ውኃውን በእፍኛቸው ዘግነው አሸተቱት።

«አፈር አፈር ይላል» አሉኝ። «ቅጠልም መያዝ ጀምሯል። ላይ ዘንቧል። ደራሽ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ማንም እግሩን እንዳያስገባ።»

«ምን አሉ?» አለ ፒተር።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልረሳም። መሽቶብን ድንኳን በጨለማ እንዳንተክል ፈርቻለሁ። ሄለን ጫማዋን አውልቃ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ሰማዩም ብሩህ ነው። «ትንሽ ብናርፍ ይሻላል ይላሉ» አልኩ።

«እኔስ አልደከመኝም» አለች ሄለን። እየሳቀች ገባች።

አያ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። «አልነገርካትም እንዴ?»

ሳልመልስ ከላይ በኩል ከባድ ድምፅ መጣ። የጭነት መኪና መስሎኝ ነበር፣ ነገር ግን በዚያ በኩል መኪና የሚወርድበት መንገድ የለም። ከኩርባው ጀርባ ደፍርሶ የጠቆረ ውኃ ግንድ እያንከባለለ፣ ድንጋይ እያጋጨ ብቅ አለ። ሄለን ወንዙ መሐል ነበረች። ሦስት እርምጃ ሮጠች፣ ከዚያ ወሰዳት።

ፒተር ሊዘል ሲል ስካውቱ በወገቡ ያዘው። አያ መኮንን ግን የጭነቱን ገመድ ፈትተው አንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሌላውን ለእኔና ለበቅሎ ነጂዎቹ ወረወሩልን። ውኃው ወደ ዳር ወደሚታጠፍበት ሮጡና ገቡ። ፒተር «በጀርባሽ! እግርሽን ወደ ፊት!» እያለ ለእህቱ ይጮሃል። እሷም ሰምታ በጀርባዋ ተገለበጠች። ኩርባው ላይ ስትደርስ አያ መኮንን የጀርባ ቦርሳዋን ማንጠልጠያ ያዙ።

ሳብን። ገመዱ መዳፌን ላጠው። ሁለቱም ዳር ሲወጡ የሄለን ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፣ የአያ መኮንን ጉልበት በድንጋይ ተሰንጥቆ ይደማል።

ብርድ ልብስ አልብሰናት፣ አብሳዩ ትኩስ ሻይ አቀመሳት። መናገር እንደቻለች ወደ እኔ ቀና አለች። «ሽማግሌው መጀመሪያ ምን ነበር ያሉት? ቃል በቃል።»

ነገርኳት። ፒተር ፊቱን አዞረ። እሷ ብርድ ልብሱን ሰብስባ ወደ ውኃው ዞረች። «አጎቴን ያስጠነቀቀው ሰው ነበረ፣ እሱ አልሰማም» አለች። «እኔን ያስጠነቀቀኝን ሰው ቃል ግን አንተ ያዝክብኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወደ አያ መኮንን ሄድኩ፣ ይኸኛው ይበልጥ ከበደኝ። ጉልበታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያሰሩ ነበር። ያደረግኩትን ስነግራቸው አልተቆጡም።

«አንተ ትነግራታለህ ብዬ ነው ያልጮህኩት» አሉ ብቻ።

ያን ቀን አልተሻገርንም። እዚያው ሰፈርን። ጠዋት ውኃው ጎደለ። አያ መኮንን እንደገና ዘግነው አሸተቱና «አሁን ግቡ» አሉ። ጫማዋን ውኃው ስለወሰደው፣ ሄለን የአብሳዩን ትርፍ የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ የአያ መኮንንን እጅ ይዛ ተሻገረች።

አምቢኮ ላይ አያ መኮንን ቤታቸው ጠሩን። ጠላ እየጠጣን ሳለ ፒተር ስልኩን አውጥቶ ራሱ ትልቅ ማዕበል ላይ ቆሞ የተቀረጸበትን ቪዲዮ አሳያቸው። አያ መኮንን ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው፣ ሁለት ጊዜ አዩት።

«ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» አሉኝ። «ሰው የሚሸሸውን ውኃ እሱ ያሳድደዋል! ሚስትስ አለችው?»

ፒተር በጉጉት ያየኛል። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት።

ፒተር ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ነበሩኝ። ሁለቱም በዚሁ ምክንያት ጥለውኝ ሄዱ።»

ይህንንም እንዳለ መለስኩላቸው። አያ መኮንን ጉልበታቸው እስኪያማቸው ሳቁ፣ ከዚያም ከማድጋው ራሳቸው ቀድተው የፒተርን ጣሳ ሞሉለት። ከወንዙ ወዲህ ሄለን ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ፣ በወንድሟ ስትስቅ ነው።

አሁን ከመንገድ ሥራ አርፌ አዳዲስ አስጎብኚዎችን አሠለጥናለሁ። የወፉንና የእንስሳውን ስም ከመጽሐፍ ያገኙታል። እኔ የምነግራቸው ይህን ነው፦ በቅሎ ነጂው የተናገረውን እንዳለ ተናገሩ፣ እንግዳው የተናገረውንም እንዳለ መልሱ። ቢቆጡም ይቆጡ። አስጎብኚ ነገር አያለዝብም።