እህል ተራ የተዘጋበት ጠዋት

አምቦ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው በሩን በግማሽ መክፈት የተማረው መንገድ በየጊዜው ይዘጋ በነበረባቸው ዓመታት ነው። የብረት በር ሁለት ክንፍ አለው። አድማ በተባለ ቀን ሁለቱንም የከፈተ ከወጣቱ ጋር ይጣላል። ሁለቱንም የዘጋ ደግሞ በማግስቱ በሩ ታሽጎ ያገኘዋል። ስለዚህ አንዱን ክንፍ ከፍተህ ከሌላው ጀርባ ትቆማለህ። ወጣቶቹ ሲመጡ "ዘግቼ ዕቃ እያስተካከልኩ ነው" ትላለህ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰው ሲመጣ "ክፍት ነኝ፣ ጠፋ እንጂ ገዢው" ትላለህ። ሁለቱም አያምኑህም። እኩል ስለማያምኑህ ግን ትተርፋለህ።

አድማውን ማን ጠራው ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። የጠየቀ ወይ ጆሮ ጠቢ ነው፣ ወይ ጆሮ ጠቢ ይባላል። ጠዋት መጥተህ የጎረቤትህን በር ታያለህ፣ እንደሱ ታደርጋለህ፤ እሱም ያንተን ያያል። እህል ተራ የሚተዳደረው እንዲህ ነበር። እኔም ብልጠት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። በሩን ሁሉም ወለል አድርጎ ከፈተ፣ እኔም ጭምር። በየስብሰባው አዲስ ቃል ሰማን፤ ሁሉም ነገር "የሕዝብ ጥያቄ" ሆነ። ምርጫ እየቀረበ ሲሄድ ደግሞ የሕዝብ ጥያቄ ያልሆነ ነገር ጠፋ። በዚያ ሰሞን ነው እህል ተራ ከመሐል ከተማ ተነስቶ በጊንጪ መውጫ ወዳለው ሜዳ ይዛወራል የሚል ወሬ የመጣው።

የኔ ነገር ግልጽ ነው። ጤፍ ነጋዴ ነኝ። ገበሬው በገበያ ቀን አህያውን ነድቶ ቀጥ ብሎ ወደ እህል ተራ የሚመጣው አባቱም እዚያ ይሸጥ ስለነበር ነው። ሜዳው ግን አስፋልት ዳር ነው። እዚያ ባለ ትልቅ መኪናው ገበሬውን መንገድ ላይ ይቀበለዋል፤ እንደኔ ያለው ባለ አንድ መጋዘን የተረፈውን ይለቅማል። ሌላ ሥራ አላውቅም። ልጆቼ ያደጉት በዚያ ተራ ነው።

ጎረቤቴ ባቄላና አተር የምትሸጥ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልቴ" ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትለኛለች፤ ስትቆጣ ወደ አማርኛ ትዞራለች። ወሬውን የሰማች ቀን አማርኛ ነበር የምታወራው።

"እኔ ከዚህ የምነሳው ተሸክመውኝ ነው" አለች። "አንተ ልጅ፣ አፍ አለህ፣ ሂድና ተናገር።"

ኮሚቴ መረጥን። እኔን የመረጡኝ በሁለቱም ቋንቋ መጮህ ስለምችል ይመስለኛል። ማዘጋጃ ቤት ሄድን። የተቀበለን ኃላፊ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር አሳየን፣ ሻይ አዘዘልን። ትሑት ኃላፊ ያስፈራኛል። የሚቆጣው ሰው ቢያንስ ገና አልወሰነም ማለት ነው።

"እኛ ከራሳችን ተነስተን ምንም አንወስንም" አለን። "ሕዝቡ ከጠየቀ ነው።"

"እኛስ ሕዝብ አይደለንም?" አልኩት።

"እናንተማ የሚመለከታችሁ አካል ናችሁ።"

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ከሕዝብነት ወደ አካልነት የተዛወርነው በዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ከገበያው ቀድመን።

ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ መጠየቅ ጀመረ። የጠየቀው በስልክ ነው። ባለቤቱ የማይታወቅ አንድ ገጽ ነበር፤ እስከዚያ ሰሞን ድረስ የሰርግና የኳስ ፎቶ ነበር የሚያወጣው። ድንገት ስለ ከተማ ጽዳት ማሰብ ጀመረ። ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ውስጥ የቆሙ አህዮችን ፎቶ ለጥፎ "እህል ተራችን እስከ መቼ?" አለ። ከሥር የሚጽፈው ሰው ብዛት! "ይነሳልን"፣ "ከተማችንን አሰደቡብን"። ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ከአህዮቹ ኋላ ያለችውን ሻይ ቤት አወቅኋት፤ እህል ልገዛ ስወርድ ሻይ የምጠጣባት ናት። ጭቃው የአምቦ አይደለም፤ የእጃጂ ከተማ ነው።

ይህንኑ ከሥር ጻፍኩ። ወዲያው ጠፋ። ደግሜ ጻፍኩ፣ እሱም ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጽፍ ስል ገጹ ራሱ ለኔ አልከፈት አለ።

ከኮሚቴው አንዱ "እኛም ሚዲያ ያስፈልገናል" አለና ጋዜጠኛ አመጣ። ጥብስ አበላነው፣ ከዚያ ማይኩን አወጣ። እኔም በደንብ አሰብኩና "በክረምት ጭቃው ያስቸግረናል፤ ጠጠር ይደፋልን እንጂ ገበያው አይነሳ" አልኩት። ማታ ሬዲዮ ከፍተን ተሰብስበን ጠበቅን። "በክረምት ጭቃው ያስቸግረናል ሲሉ አንድ ነጋዴ ገለጹ" አለና ወደ ስፖርት ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ከባቄላዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። "ጥብሱን ሙሉውን በልቶ ያንተን ንግግር በግማሽ አስቀረው" አለች። ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን ብዙ አልሳቅንም።

ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነው። ጠዋት ስደርስ የእትዬ በር ተዘግቷል። ሁለቱም ክንፍ፣ ያውም በቁልፍ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት እንኳ ሁለቱን ዘግታ አታውቅም። ቀና ብዬ ተራውን አየሁ፤ ግማሹ ዝግ ነው፣ ግማሹ በመዝጋት ላይ ነው። አንዱን የኮሚቴ አባል መንገድ ላይ አገኘሁትና "ምንድን ነው?" አልኩት። "አድማ ነው መሰለኝ" አለ፤ እኔ የማውቅ መስሎት በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም እሱ የሚያውቅ መስሎኝ ጠቀስኩት። ማን ጠራው አላልኩም። የድሮው ትምህርት አልለቀቀኝም። እትዬ ዘግታ እኔ ብከፍት ምን እባላለሁ? ዘጋሁ።

ገበሬዎቹ መጡ። አንዱ ደንበኛዬ ጤፍ የጫኑ አህዮቹን አቁሞ የተዘጋውን ተራ ከዳር እስከ ዳር አየ።

"ሰው ሞቶባችሁ ነው?"

"የለም፣ ዛሬ ገበያ የለም" አልኩት።

"ልጆቹ ግን ሜዳው ላይ አለ ይላሉ።"

ከመንገዱ ጥግ አንድ ዓይነት ሰደርያ የለበሱ ጎረምሶች ቆመው አህያ የሚነዳውን ሁሉ ወደ ሜዳው ያሳያሉ። በባጃጅ ተከትዬ ሄድኩ። ሜዳው ላይ ሚዛን ተተክሏል፣ መኪና ቆሟል፣ ገዢው ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል። የኛን አድማ እኛ ገና ጠዋት ነው የሰማነው። እነዚህ ሰዎች ከነሚዛናቸው እዚያ ለመድረስ መቼ ነው የሰሙት?

ከሰዓት በኋላ ገጹ የተዘጉ በሮቻችንን ፎቶ አወጣ። የኔም በር አለበት፤ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። "ነጋዴዎች በፈቃዳቸው እህል ተራን ለቀቁ" ይላል። ማታ ሬዲዮውም ያንኑ ቃል በቃል አነበበው።

የሕዝብ መድረክ የተባለው ስብሰባ የተጠራው በማግስቱ ጠዋት ነው። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ እህል ሲሸጡም ሲገዙም አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ተነስቼ ተናገርኩ። እዚህ ያደረሰኝን ጩኸቴን ሁሉ አወጣሁ። "እኛ አልለቀቅንም" አልኩ።

ያ ትሑት ኃላፊ በጥሞና ሰማኝ። "ታዲያ ለምን ዘጋችሁ?"

አድማ ነው ብል ማን ጠራው ሊለኝ ነው። አላውቅም ብል፣ በማያውቀው ነገር በሩን የሚዘጋ ሰው ስለ ገበያ ምን ያውቃል ሊባል ነው። ወደ ጓደኞቼ ዞርኩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። "ለማንኛውም ሐሳቡ ተመዝግቧል" አለ ኃላፊው፤ ቀጥሎ እጅ አስወጣ። የፊተኞቹ ወንበሮች በሙሉ እጅ ሆኑ። ገበያው ይነሳ ተባለ።

እትዬ ከአዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላም አላለችኝም።

"ለምን ዝም አልክ?" አለች በአማርኛ። "የጠራኸው አንተ አይደለህም? ወስነናል አትልም ነበር?"

"እኔ ምን ጠራሁ?"

ስልኳን አውጥታ ፊቴ ላይ ደገነችው። ከአድማው ቀን ዋዜማ ማታ የገባ መልእክት ነው። "ኮሚቴው ወስኗል። ነገ እህል ተራ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ያልዘጋ ከእኛ አይደለም።" ቁጥሩን አላውቀውም። በኔ ስልክ እንዲህ ያለ ነገር አልገባም፤ ለሌሎቹ የኮሚቴ አባላትም እንዳልገባ ቆይቼ ሰማሁ። ላኪው ለማን መላክ እንደሌለበት በደንብ ያውቃል።

"እትዬ፣ እኔ አልላክሁም። እኔኮ የዘጋሁት አንቺ ስለዘጋሽ ነው።"

"እኔ የዘጋሁት አንተ ስላልክ ነው።"

"አላልኩም።"

"ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"አንቺስ ብትደውዪ?"

ስልኳን ዘግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። እኔም በዚያች ደቂቃ የማይገባ ነገር አሰብኩ። መልእክቱ ከማታ ደርሷት፣ ግድግዳ ተጋርተን ሳለን ለምን አላሳየችኝም? ሜዳው ላይ ከቆሙት ገዢዎች አንዱ የባቄላ ደንበኛዋ ነው። ይህን ማሰብ አልፈልግም ነበር። እሷም ስለኔ እያሰበች ያለችው ነገር ፊቷ ላይ ይታየኛል።

"ላኪ" አለች በመጨረሻ በኦሮምኛ፣ ተወው ማለቷ ነው። "ካልክ እሺ።"

የላከውን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ቁጥሩ ቢደወልለት አይነሳም። ኃላፊው አድጎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ገጹ ወደ ሰርግና ኳሱ ተመልሷል፤ ቀጥሎ ስለ ምን እንደሚጨነቅ አላውቅም፣ ግን ሥራ ሳይኖረው አይቀርም።

ሜዳው ላይ ቦታ የታደለው በዕጣ ነው። የኔና የእትዬ ዕጣ ጎን ለጎን ወጣ። ሰዎቹ "እናንተ እዚህም አልተለያያችሁም" ብለው ሳቁ። እሷ ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል ወደ አስተባባሪው ሄደች፤ ዕጣው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ከወጣለት ሰው ጋር ቦታ ተለዋወጠች።

"ከሰዓት ፀሐይ ይበዛል እዚህ" አለችኝ ስትመለስ።

"ልክ ነሽ" አልኳት። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ የባቄላ ጆንያዎቿን አንድ በአንድ ተሸክሜ ወደዚያኛው ጫፍ አሻገርኩላት።