አባዬ አይጠጣም

የዚያን እሑድ አክስቴ ቤት የነበርነውን ሁሉ አስታውሳለሁ። አባቴና እናቴ ነበሩ። አክስቴ ማለት የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እሷና ባሏ ነበሩ። በዚያው ጠዋት ክርስትና የተነሣው የመጀመሪያ ልጃቸው አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። የሕፃኑ የክርስትና አባት፣ ከቡና እርሻ የመጡ የአባቴ የድሮ ጓደኞች፣ ወጥ የሚያወጡ ጎረቤት ሴቶች፣ ደጅ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ከዚያ እኔ። ወንድሞቼ አልመጡም። ፈተና ደርሶባቸው ስለነበር እንዲያጠኑ ቤት ቀርተዋል። እኔ የማጠናለት ፈተና አልነበረኝም።

ይህን የቀሰቀሰብኝ አንድ ኩባያ ብርዝ ነው። በቅርቡ እዚህ ሚዛን ከተማ ጎረቤቴ ልጇን ስታስመርቅ ለትንሿ ልጄ ብርዝ ቀዱላት። ማር በውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ሕፃን የሚጠጣው ነገር ነው። እኔ ግን ከእጇ ተቀብዬ አሸተትኩት።

"እማዬ ደግሞ ጀመረች" አለች። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አባቴ አናጢ ነበር። በወጣትነቱ ከከምባታ ቴፒ የመጣ ሰው ነው። የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ያንን በእንጨት ቆሞ ሽቦ ወንፊት የሚወጠርበትን፣ እንደ እሱ አድርጎ የሚሠራ አልነበረም። ጠጅ ግን ያሸንፈው ነበር። ሲጠጣ ሌላ ሰው ነው። የእናቴ ግራ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም፤ የእሱ እጅ ነው።

አንድ ዓመት ለፋሲካ ንስሐ ገባና ተወ። የካቶሊክ ሰበካችን ካህን ምን እንዳሉት ቤት መጥቶ ነገረን። ኃጢአቱን መጥላት ብቻ አይበቃም፣ ወደ ኃጢአት የሚወስደውን ነገር ራሱን መሸሽ ነው። የድሮ ጓደኞቹን ተወ። የጠጅ ቤቶቹን መንገድ ትቶ በወንዙ በኩል መዞር ጀመረ። እናቴ ከዓመታት በኋላ ያን ጊዜ ነው ስትዘፍን የሰማኋት።

ሥራው ግን መንገድ ላይ ነው። አልጋ የሚያሠራ ገበሬ ለሠራተኛው ያለውን ያቀርባል፤ በእኛ በኩል ደግሞ የጫካ ማር ስለሞላ የሚቀርበው ጠጅ ነው። እንቢ ያለ ሰው "ናቀኝ" ይባላል። ባለቤቱ "በሞቴ" ካለ በኋላማ እንቢ ማለት ጠብ ነው። እናቴ አሰበችበትና መላ አገኘች። ትልቅ ሰው እንቢ ሲል ነውር ነው፣ ልጅ ሲል ግን ልጅነት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ አብሮት ይዋል ተባለ።

"ወንዶቹ ይማሩ፣ እሷ ትበቃዋለች" አለች።

አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ደብተሮቼ ለታናሽ ወንድሜ ተሰጡ። እኔ የምስማር ጣሳ ይዤ አባቴን ተከተልኩ። ከቴፒ ወጥተን በጫካው መንገድ ስንሄድ ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ከማጠቢያው የሚመጣው የቡና ልጣጭ ሽታ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይይዛል። አባቴ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። እጁን እይዛለሁ። ቀን ላይ ሴትየዋ ብርሌ ይዛ ስትመጣ እኔ ቀድሜ እነሣለሁ።

"አባዬ አይጠጣም። መድኃኒት ላይ ነው።"

ይስቁብናል። "ጠባቂ መልአክህን ይዘህ መጣህ?" ይሉታል። አንዱ ደግሞ "ሚስትህ ራሷን አሳጥራ ላከች እንዴ" ይላል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ እንጨቱን ይልጋል። አንዳንዱ ሰው በብርሌው ፈንታ በቆሎ እሸት ያመጣልናል፤ እሱን እየጋጥን እንመለሳለን። ክረምትና በጋ እንዲህ አለፈ። አባቴ አልጠጣም።

የአክስቴ ልጅ ክርስትና ሲደርስ እናቴ አንሄድም ብላ ነበር፤ አባቴ "የእህቴ ልጅ ነው" ብሎ ለመናት። አክስቴ ወንድሟን ከማንም በላይ ትወድ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጠጣ እሱ ብቻ ውኃ ይዞ እንዲቀመጥ አልፈለገችም። ስለዚህ ለብቻው ብርዝ በጠበጠችለት። በበዓሉ ቀን ጊዜ አላገኝም ብላ ቀደም አድርጋ ነው የበጠበጠችው፤ ባዶ ሆኖ ያገኘችው ዕቃ ደግሞ የጠጁ እንስራ ነበር። አጥባዋለች፣ አጥናዋለች። ግን የጠጅ እንስራ ቢታጠብም ጠጁን አይረሳም። የቴፒ ሙቀት ደግሞ ሌላውን ሠራ፤ ብርዙ ፈልቶ አስካሪ ሆነ።

እንደገባን ወደ ጓዳ ጠራችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

"ዛሬ እረፊ ልጄ። ለእሱ ብርዝ አለ። ሂጂ ከልጆች ጋር ተጫወቺ።"

ዕረፍት የሰጠኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ወጣሁና ሰኞ ማክሰኞ ተጫወትኩ። በአንድ እግሬ መዝለል ረስቼው ነበር፤ ወደቅኩ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ፤ እንደገና ዘለልኩ። ከቤት የወንዶች ሳቅ ሲበረታ ነው የተመለስኩት።

አባቴ ብርሌ ይዞ ተቀምጧል። ከላዩ ቀጭን አረፋ ነበረው። ሽታው ከበሩ ደረሰኝ።

"ብርዝ ነው እኮ" አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ፈገግ ብሎ ነበር። ያንን ፈገግታ ከድሮው አውቀዋለሁ።

ራሱ ተነሥቶ ደገመ። ከዚያ ከብርዙ ወደ ጓደኞቹ ጠጅ ለመሻገር ወንበሩን ማዞር ብቻ ነበር የቀረው፤ አዞረው። ሄጄ እጁን ያዝኩና የማውቀውን ተናገርኩ። "አባዬ አይጠጣም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "መልአኳ ዘግይታ መጣች" አለ አንዱ። አባቴም ሳቀ። ከዚያ እጁን ከእጄ ነጠቀ፤ ትንኝ እንደሚያባርር ነው ያደረገው።

"ውሰዷት ይህችን" አላቸው።

ከብብቴ ሥር አንሥተው ደጅ አስቀመጡኝ። አክስቴ ከጓዳ ወጥታ ብርሌውን ስታይ ድስት በእጇ እንደያዘች ቀረች። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። በደህና ጆሮዋ በኩል ያለውን ሁሉ ሰምታለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካህኑ ፊት ተሰበሰብን። የእናቴ ከንፈር አብጧል። አባቴ መሬት መሬት እያየ "ብርዝ ነው ብላ ሰጠችኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ" አለ።

አክስቴ "አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች።

ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ። አባዬ ቀምሶ አውቆታል፣ ሁለተኛውን ራሱ ነው የቀዳው፣ እኔን አባሮኛል አልኩ። እናቴ በጥፊ መታችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያልገባኝ እሱ ነው። እውነቱን የነገርኩት ለእሷ ነበር። ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው፣ ባሏ አውቆ ከጠጣ የምትጠብቀው ተስፋ አልቆባት ነው እላለሁ። የሚጠላ ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ አክስቴ ደግሞ አጠገቧ ቆማለች።

"የኃጢአት ምክንያት አንቺ ነሽ" አለቻት። "ከአንቺ መሸሽ ነው።"

ካህኑ "ተይ፣ እንዲህ አይባልም" ቢሏትም ቃሉ ወጥቶ አልቋል። ሴቶቹ ሁሉ ያንን ትምህርት ያውቁታል፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ነው። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ማንም አልተቀመጠም። በቅዳሴ ሰላም ስንሰጣጥ እጇን ትዘረጋለች፤ የሚቀበላት የለም፤ መልሳ የልጇን ጀርባ ትደባብስበታለች። ገበያ ስንገናኝ እናቴ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ሌላ ታዞራለች። አባቴ እያንዳንዱን ብርሌ ባነሣ ቁጥር "እህቴ ናት የጣለችኝ" ይል ነበር። እሱን የጋበዙት ወንዶች አንድም ቀን አልተወቀሱም። እኔ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም፤ አሁን እናቴን የሚያግዝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አክስቴና ባሏ ወደ ጌጫ ሄዱ። በሄዱበት ጠዋት በአጥራችን አጠገብ አለፈች። ልጇን አዝላለች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ወደ ቤቱ አየችና ማንም አለመኖሩን ስታውቅ ጠጋ አለች።

"አንቺ አልዋሸሽም" አለችኝ። "እሱንም አትጥዪው።" ከዚያ የሚወስዳቸው መኪና ጡሩንባ ነፋና ሮጠች።

አባቴ ሲሞት እኔ ነበርኩ ያስታመምኩት። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ካህን መጥተው ብዙ ቆዩ። በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሲወጡ ይጠራኛል፣ "እህቴን ጥሪልኝ" ይለኛል ብዬ። ጠራኝ። "ንፋስ ገባ፣ በሩን ዝጊው" አለኝ። አውቆ መጠጣቱን ለካህኑ ነግሯቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው አይናገሩም፣ አይጠየቁምም። ለእኛ ግን አልነገረንም። እናቴ ዛሬ እኔ ጋ ናት። የአክስቴን ስም ካነሣሁ መቁጠሪያዋን ይዛ ከክፍሉ ትወጣለች።

እኔም ልጆቼን ያንኑ አስተምራለሁ፤ ከሚጥላችሁ ነገር ራቁ እላለሁ። ትልቁ ልጄ ቴፒ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ይማራል፤ ከማን ጋር እንደዋለ ሳልጠይቀው አልተኛም። "እማዬ፣ እኔ አያቴ አይደለሁም" ይለኛል። ልክ ነው። ግን ከሰው ሽሽ ልለው ስል አፌ ይያዛል።

ጌጫ ወይም በዚያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ገበያ የምትወጡ፣ አንዲት ረጅም ቀጠን ያለች፣ አነጋገሯ የከምባታ ሰው የሚመስል፣ ዛሬ ሳታረጅ የማትቀር ሴት ታውቁ እንደሆን እለምናችኋለሁ። ከቴፒ የሄደች ናት፤ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ምንም አትንገሯት። በሕይወት መኖሯን ብቻ ላኩብኝ፤ የቀረውን ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።