የደጀ ሰላሙ ኖራ

ፍቅርአዲስ ከዓረብ አገር ስትመለስ ዘመድ አዝማዱ ወርቅ ጠበቀ፤ እሷ የኖራ ፍቅር ይዛ መጣች። እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ፣ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ ጥንታዊ ቤት ሲታደስ አይታለች። የባሕር ዛጎል አቃጥለው ኖራ ያደርጉና ድንጋዩን በዚያ ያያይዙታል። በዕረፍት ቀኗ ከግንበኞቹ ጋር ስታቦካ ትውል ነበር። ዕረፍት ካሉት!

ከጋፋት በላይ ያለው የደብራቸው ደጀ ሰላምም በኖራ የተገነባ ነው። ግድግዳው ስለተጎዳ ሰበካ ጉባኤው አፍርሶ በሲሚንቶ ሊሠራው ቆርጧል። ፍቅርአዲስ ለምና ለምና አንዱን ጎን ለሙከራ አገኘች። ካልያዘ በሩ ይፈርሳል። ዛጎል ባይኖር የኖራ ድንጋይ አስቃጥላ፣ በውኃ አብርዳ፣ ከአሸዋ ጋር አቡክታ ለሰነችው። እርጥብ ጆንያ አልብሳው ደብረ ታቦር ገበያ ወጣች።

አባቷ አቶ ዋልልኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭቃ ቤት ሲመርጉ የኖሩ ናቸው። ምርጊት ደግሞ ፀሐይ ይወዳል። የልጃቸው ግድግዳ እርጥብ ለብሶ ሲያዩት አንጀታቸው አልችል አለ፤ ጆንያውን ገፈው ለፀሐይ ሰጡት። ስትመለስ ልስኑ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል።

የሰበካው ሊቀመንበር አቶ ሙላቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላልሁም? ነገ ሲሚንቶው ይጫን።»

ፍቅርአዲስ አለቀሰች። አቶ ዋልልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የገፈፍሁት እኔ ነኝ። ቶሎ ይድረቅላት ብዬ።»

«አባዬ፣ ኖራ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር። ጥላና እርጥበት ይፈልጋል።»

«እንደ አራስ ነዋ! አራስ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት እኔ፤ ግድግዳው ምን በደለ?»

አቶ ሙላቴ የብዙ ልጆች አባት ናቸውና አራስ ሲባል ገባቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። «በሉ እንግዲህ፣ አንድ ዕድል።»

እንደገና ተለሰነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ አሁን የሚቸኩል የለም። አቶ ዋልልኝ ከቅዳሴ መልስ ግድግዳውን ውኃ እያርከፈከፉ ይውላሉ። አንድ ቀን ከጉና የወረደ ነፋስ ጆንያውን ገፎ ወሰደው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከባልዲ ነክረው ግድግዳው ላይ ዘረጉት።

«አባዬ፣ ብርድ ይመታዎታል!»

«ጋቢ ይደርቃል ልጄ። ይህ ከደረቀ ግን በሩ ሄደ።»

ኖራው ያዘ። አቶ ሙላቴ በሚስማር ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም። ለሲሚንቶ ጫኙ ደውለው «ቅር፣ አትምጣ» አሉት። ወደ ፍቅርአዲስም ዞሩ።

«ሌላውን ጎን መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ነገ እንጀምራለን» አሉ አቶ ዋልልኝ ቀድመዋት።